ዋይልድ ስለምትባለው የእንግሊዝኛ ቅጽል ትርጓሜና አገባብ

በመቱ ከተማ ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገረው ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ቃሊቱ ዋይልድ ትባላለች። በእንግሊዝ ፊደል አራት ሆሄያት ብቻ ያሏት ናት። እንዲህ ላለች ትንሽ ቃል ይህን ያህል ሰው ከሥራው አስፈትቶ መሰብሰብ ምን ያስፈልጋል የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን እኔ ራሴ በዚህች ቃል ምክንያት በአደባባይ አፍሬአለሁና ያፈርሁበትን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ።

እኔ ንባብንና ዜማን በቤተ ክርስቲያን፣ ጥቂት ቅኔም ከመምህሬ እግር ሥር ተቀምጬ የተማርሁ ሰው ነኝ። እንግሊዝኛን የያዝሁት ዘግይቼ፣ በጽሕፈት ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የዚህን አገር ቡና ለመግዛት ከፈለጉ የውጭ አገር ነጋዴዎች የመጣ ወረቀት ወደ አማርኛ እንድመልስ ታዘዝሁ። በወረቀቱ ላይ ቡናችን ዋይልድ ኮፊ ተብሏል። እኔም ቃሊቱ በልዩ ልዩ ቦታ የሚሰጧትን ፍቺዎች ሁሉ አንድ ላይ አጋጥሜ «ሰው ያልደረሰበት፣ ባለቤት የሌለው የዱር ቡና» ብዬ ጻፍሁ። አጻጻፉም ለጆሮዬ ያማረ መሰለኝ። ወረቀቱ ከመቱ ብዙ በማይርቅ ቀበሌ ለተሰበሰበው ሕዝብ ሲነበብ ግን አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና በኦሮምኛ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ባለቤት የለውም ያልኸውን ቡና እኔ ትናንት እስከ ማታ ስመነጥረው ዋልሁ። አባቴም መንጥሮታል። እንግዲህ እኔን ምን ብለህ ጻፍኸኝ? ከዝንጀሮው ጋራ ቈጠርኸኝን?» ሕዝቡ ሳቀ፤ እኔ ግን የምመልሰው ቃል አጣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሬ ይህችን ቃል ስከታተላት ቈየሁ። ያገኘሁትንም እነሆ አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ንባቧ ጥቂት ልበል። በጽሕፈት ስትታይ «ዊልድ» የምትባል ትመስላለች፤ ብዙ ተማሮችም እንዲያ ያነቧታል። ትክክለኛው ንባብ ግን ዋይልድ ነው፤ ይኸውም ልጅ ማለት የሆነው ቃል «ቻይልድ» ተብሎ እንደሚነበብ ያለ ነው። ቃሉ ሲረዝም ደግሞ ድምፁ ያጥራል። ቻይልድ ሲበዛ «ቺልድረን» እንደሚሆን ሁሉ፣ ከዋይልድ የወጣው የምድረ በዳ ስምም «ዊልደርነስ» ይባላል። እነዚህን ሁለት ጥንዶች በሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን የጻፈ መምህር ብዙ ድካም ይቀርለታል። በአገባብም በኩል አስቸጋሪ አይደለችም፤ በግዕዝ ቅጽል ለወንድና ለሴት፣ ለአንድና ለብዙ እየተለወጠ የሚነገር ሲሆን የእንግሊዝኛው ቅጽል ግን ለሁሉም አንድ ነው። ላንዱ አንበሳም ዋይልድ፣ ለመቶ አበቦችም ዋይልድ ነው። ችግሩ ያለው በፍቺዋ ነው።

በአማርኛችን ለዚህች ቃል ልኳ የሆነ አንድ ቅጽል የለንም። መጥምቁ ዮሐንስ የበላው ማር በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ዋይልድ ሲባል በአማርኛው የበረሃ ማር ተብሏል። በእንግሊዝኛው ዋይልድ የተባለው አህያ በአማርኛ የሜዳ አህያ ነው፤ ምንም እንኳ ይህ ስም ዛሬ በሰው አፍ ለባለ ሽንትሩ እንስሳ የተሰጠ ቢሆን። እንስሳውን የዱር እንስሳ፣ ቡናውን የጫካ ቡና እንላለን። እነዚህን በአንድ ላይ ብትመለከቷቸው አንድ ነገር ታገኛላችሁ። በረሃ፣ ሜዳ፣ ዱር፣ ጫካ፣ ሁሉም የቦታ ስሞች ናቸው። የዚህ አገር ኦሮምኛም እንዲሁ ነው፤ ቦሶና ማለት ደን ነውና ቡናው ከደኑ ስም ጋራ ተጣምሮ ይጠራል፤ ገላጩም እንደ ግዕዝ ከስሙ በኋላ ይመጣል። እንግዲህ እኛ አንድን ፍጥረት ስናይ «የት በቀለ? የት ይኖራል?» ብለን እንጠይቃለን። የእንግሊዝኛው ቃል ግን የሚጠይቀው «ማን አሳደገው? ማን ገራው?» ብሎ ነው፤ ራሱም መልሱን ይሰጣል፤ መልሱም «ማንም» የሚል ነው።

ከዚህ የተነሣ ዋይልድ የጫካ ተብሎ ሲመለስ ያልተባለ ነገር ይቀራል፤ ባለቤት የሌለው ተብሎ ሲመለስ ደግሞ ያልነበረ ነገር ይጨመራል። የእኔ ስሕተት ሁለተኛው ነበረ።

ቃሊቱ ስለ ሰውና ስለ ሌላ ነገር ስትነገር የምትሰጠው ፍቺ በአጭሩ ይህ ነው። ስለ ነፋስና ስለ ባሕር ሲሆን የተናወጠ ማለት ነው። ስለ ቍጡ ሰው ሲሆን ራሱን መግዛት ያቃተው፣ ስለ ግምት ሲሆን ያለ ማስረጃ የተወረወረ ማለት ነው። አንድ ሰው «ስለዚህ ነገር ዋይልድ ነኝ» ያለ እንደ ሆነ ግን አውሬ ነኝ ማለቱ ሳይሆን እጅግ እወደዋለሁ ማለቱ ነው፤ «ዋይልድ አይደለሁም» ቢል ደግሞ ለነገሩ ብዙም ፍቅር የለኝም ማለቱ ነው። ይህን የማያውቅ ተማሪ አንድ እንግዳ ስለ ቡና እንዲህ ሲል ቢሰማ እንግዳው ጨዋ መሆኑን የተናገረ ይመስለዋል።

ስለ እንስሳ ሲሆን ተቃራኒዋ ለማዳ የሚለው ነው። ለማዳ ግን ለዕፅ አይነገርም፤ ለማዳ ቡና ያለ ሰው አልሰማሁም። ተማሮቻችን ቃሊቱን ከአንበሳ ሥዕል ጋራ አጥንተው «አውሬ» ብለው ይይዟታል፤ በኋላም ዋይልድ ኮፊ የሚል ሲያገኙ «አውሬ ቡና» ብለው ይተረጕማሉ። ልጁ ይህን ቢል አትቈጡት፤ እኔ በአርባ ዓመቴ ከዚህ የባሰ ጽፌአለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ገዳም ሳልናገር ማለፍ አልወድም፤ ከነገሬ የራቀ የሚመስለው ቢኖር ይታገሠኝ። በግዕዝ ገዳም ማለት ዱር፣ በረሃ፣ ያልታረሰ ሜዳ ማለት ነው፤ አራዊተ ገዳም ሲልም የዱር አራዊት ማለቱ ነው። መነኰሳት ዓለምን ንቀው ወደ ዱር በገቡ ጊዜ ቦታው በነርሱ ተቀደሰና ያው ስም በአማርኛ የጸሎት ቦታ ስም ሆነ። አሁን ገዳም ብንል አንበሳውን የሚያስብ የለም። በእንግሊዞችም ዘንድ ዊልደርነስ የሚለው ቃል በጥንት ንግግራቸው ከዋይልድና ከአውሬ ስም የተሠራ ነው። ቀድሞ የሚፈሩት ቦታ ነበረ። ዛሬ ግን ደናቸው ከሳሳ በኋላ ያንኑ ቦታ ይናፍቁታል፤ ለማየትም ገንዘብ ከፍለው ይሄዳሉ። ዋይልድ የሚለው ቃል በቡና ከረጢት ላይ ምስጋና ሆኖ የተጻፈው፣ ዋጋም የሚያስጨምረው ከዚህ ናፍቆት የተነሣ ነው። በእኛም ዘንድ ዱር ሁልጊዜ የስድብ ቃል አይደለም። ዱርዬ የምንለው ከዚሁ የወጣ ቢመስልም፣ በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ዱር ቤቴ ብለው የገቡትን አርበኞች የምንጠራቸው በክብር ነው።

ማሩንም ነገር ልጨርስ። በኢሉባቦር ደን ውስጥ ሰው ቀፎ ሠርቶ፣ አጥኖ፣ ረጅም ዛፍ ላይ ወጥቶ ይሰቅላል። ንቧ ለማዳ አይደለችም፤ አበባውንም የተከለው የለም፤ ቀፎው ግን የሰው እጅ ሥራ ነው፤ የሰቀለውም ሰው ይታወቃል። ጣዝማ ግን ከምድር ውስጥ ራሷ ቤቷን ሠርታ ማሯን የምታኖር ናትና ለርሷ ዋይልድ ቢባል የሚከራከር የለም። ሁለቱንም ማር በአንድ ቃል መጥራት የቀፎውን ሰው መርሳት ነው።

እንግዲህ ወደ ቡናው እንመለስ፤ የነገሬ ሥር እዚህ ነውና።

የዕፀዋት ሊቃውንት ዋይልድ ኮፊ ሲሉ ወላጆቹ በሰው እጅ ያልተመረጡ፣ ራሱ በቅሎ ራሱን የተካ ቡና ማለታቸው ነው። ወፍና ጦጣ ፍሬውን በልተው ዘሩን ይጥሉታል፤ ዘሩም ከዛፍ ጥላ በታች ይበቅላል። በዚህ ፍቺ ቃሊቱ ለእኛ ክብር ናት። በዓለም ላይ አረቢካ የሚባለው ቡና ከዋነኛ የትውልድ ቦታው በደን ውስጥ ራሱ በቅሎ የሚገኘው በእኛ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ነውና። በዚህም ምክንያት ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የያዮን የቡና ደን እንደ ከፋው ሁሉ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዘገበው። የያዮው ሥፍራ በገባ ወንዝ ዙሪያ ከ167 ሺህ ሄክታር በላይ ይሆናል። ይህም በሦስት የተከፈለ ነው። በማዕከላዊው ክፍል ደኑ እንዳለ ይጠበቃል፤ ስፋቱም ወደ 28 ሺህ ሄክታር ይጠጋል። ከርሱ ቀጥሎ ባለው ክፍል ሰው ደኑን ሳያጠፋ ቡናውን ይለቅማል። በውጭኛውና ከሁሉ በሰፊው ክፍል መንደር፣ እርሻና መንገድ አለ። ለማዕከላዊው ክፍል ቡና ዋይልድ የሚለው ቃል ይስማማዋል፤ ለሁሉ አንድ አድርጎ ሲነገር ግን ይሳሳታል።

አብዛኛው የዚህ አገር ሰው የሚለቅመው ቡና ከፊል ደን የሚባለው ነው። ምን እንደሚደረግለት ከእኔ ይልቅ እናንተ ሽማግሌዎች ታውቃላችሁ፤ ስለ ወጣቶቹ መምህራን ግን ልናገር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ቍጥቋጦውና ሐረጉ ይመነጠራል። ጥላው እንዲመጠን አንዳንዱ ዛፍ ይቈረጣል፤ ዋንዛውና ብሳናው ግን ይተዋል፤ ቅጠላቸው መሬቱን ያለማል ተብሎ። ቡናው በሳሳበት ቦታ ከሌላው ሥፍራ ወፍ ዘራሹ ችግኝ ተነቅሎ ይተከላል። ፍሬው መቅላት ሲጀምር ልጆች ዝንጀሮ ይጠብቃሉ። ከጥቅምት ጀምሮ ይለቀማል፤ በፀሐይ ደርቆም ጀንፈል ይሆናል። የአንዱ ሰው ድርሻ ከሌላው የሚለየው በጅረት፣ በሸንተረር ወይም በታወቀ ዛፍ ነው፤ ለባዕድ ዓይን ግን አጥር የለውምና ሁሉም አንድ ጫካ ይመስላል። ከመኪና መንገድ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ዋይልድ ቢለው አያስደንቅም። አጥር ባለማየቱ ሰው የለም ብሎ ይሄዳል።

አሁን ወፍ ዘራሽ ብያለሁና ይህን ቃል ልብ በሉት። ሳይዘሩት ለበቀለ ነገር ከዋይልድ የሚቀርበው የአማርኛ ቃል እርሱ ይመስለኛል። ዘሩን የጣለችውን ወፍ ያነሣል እንጂ ችግኙን የተንከባከበውን ሰው አይክድም። ስለ ሰው የተነገረ እንደ ሆነ ደስ አያሰኝም፤ ለቡና ግን ነውር የለበትም።

አንድ ቅጽል ይህን ያህል ጕዳት ያመጣልን የምትሉኝ ትኖሩ ይሆናል። በቀድሞ ዘመን የሚይዘው የታጣ መሬት ጠፍ ይባል ነበር። ጠፍ የተባለ መሬት ለሌላ ሰው ይሰጥ ነበር። ጠፍም ቃል ብቻ ነው። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝቦች ነው ይላል። ስለዚህ ገበሬው የሚጠራው የመሬት ባለቤት ተብሎ ሳይሆን ባለይዞታ ተብሎ ነው። መብቱ የሚታወቀው በመያዙና በማልማቱ ከሆነ፣ «ማንም አላለማውም» የሚል ወረቀት በእጁ ላይ ያለውን ነገር ይነካበታል። ይህን ስጽፍ አላሰብሁትም ነበር። ሽማግሌው ግን ሳይማሩ ወዲያው አሰቡት።

ስለ ቅጽል ጕዳት ካነሣሁ ዘንድ አረቢካ የሚለውን ስም እንዴት ልተወው? ካርል ሊኔዎስ የተባለ የስዊድን ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1753 ለዕፀዋት ሁሉ በሮማይስጥ ስም ሲሰጥ ይህንን ቡና ኮፌያ አረቢካ አለው። አረቢካ ማለት ዐረባዊት ማለት ነው፤ በሮማይስጥም እንደ ግዕዙ ቅጽሉ ከስሙ በኋላ ሲመጣ ታያላችሁ። አውሮፓውያን ቡናን ያወቁት ከየመን ወደብ በሚመጣው ንግድ ስለ ነበር አገሩ ዐረብ መስሏቸው ነው። በኋላ ሊቃውንቱ ራሳቸው ትውልዱ ኢትዮጵያ መሆኑን መሰከሩ፤ ስሙ ግን በሕጋቸው መሠረት አይለወጥምና እስከ ዛሬ ድረስ የመቱ ቡና ዐረባዊት እየተባለ ይሸጣል። አንድ ጊዜ የተጻፈ ቅጽል ከሁለት መቶ ሰባ ዓመት በኋላም አልተፋቀም።

ከዚሁ ከመቱ የሚቈጠር ሌላ ነገር ልጨምር፤ ይህንን ለልጆቹ ብትነግሯቸው ደስ ይላቸዋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1971 የቡናን ፍሬ በእሸትነቱ የሚያጠቍር በሽታ በአገራችን ታየ፤ ብዙ ቡናም አጠፋ። የጅማ የምርምር ጣቢያ ሠራተኞች በሽታው ያልነካቸውን ዛፎች ፍለጋ በየአገሩ ዞሩ። በ1974 በመቱ አውራጃ፣ ቢሻሪ በተባለች መንደር፣ በሽታውን የሚችሉ እናት ዛፎች አገኙ። ዘራቸውም 74110፣ 74112 እየተባለ በቍጥር ተጠራ፤ በፊት ያሉት ሁለት አኃዞች የተገኘበትን ዓመት ይነግራሉ። ዛሬ ይህ ዘር በይርጋ ጨፌም በጉጂም ይለቀማል። የሚጠጣው ሰው ግን መቱን አያውቃት ይሆናል። ቢሻሪ ላይ የቆሙት እናት ዛፎች ዋይልድ ነበሩን? በዱር ከበቀለው ዘር መውረዳቸውን ማን ይክዳል? ነገር ግን የተገኙት በመንደር ነው፤ ሰው በአጠገባቸው ይኖር ነበር፤ ከዚያ ዓመት በፊት ሳይቈርጣቸው የተዋቸው ሰው ነበረ። ለእንዲህ ያለው ነገር የእንግሊዝኛው ቃል ጠበበብኝ፤ የአማርኛውም ቢሆን እንዲሁ።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ይህችን ቃል ስታስተምሩ በአንድ ፍቺ ብቻ አታስይዟት። ከአንበሳው ሥዕል አጠገብ የአበባና የማዕበል ሥዕል ይኑር። ልጆቹ በኦሮምኛ ስለሚማሩ በቤታቸው ደኑንና በደኑ ያለውን ሁሉ በምን ስም እንደሚጠሩት መጀመሪያ ጠይቋቸው፤ ከእኛ ከጸሐፊዎቹ የበለጠ ቃል ሊያወጡ ይችላሉ። ቡናን በሚመለከት ደግሞ ቃሉን የደን ቡና፣ የከፊል ደን ቡና፣ የጓሮ ቡና ብሎ መለየት ይሻላል፤ የትኛው እንደ ሆነ የማይታወቅ ሲሆን ወረቀቱን ለላከው ሰው መልሶ መጠየቅ ነው። እኔ ያን ጊዜ መጠየቅ ያፈርሁት አላዋቂ እንዳልባል ነበር።

ያንን ወረቀት እንደ ገና ጻፍሁት። «በተፈጥሮ ዘሩ በደን ጥላ ሥር የበቀለ፣ የአካባቢው ባለይዞታዎች እየመነጠሩና እየተንከባከቡ የሚለቅሙት ቡና» አልሁት። ረዘመ፤ በከረጢት ላይም አይጻፍም። ከረጢቱ ላይ ያው ዋይልድ የሚለው ቀርቷል። ለሽማግሌው ግን ወደ ቀዬአቸው ሄጄ አዲሱን አነበብሁላቸው፤ ወደ ኦሮምኛም መለስሁላቸው። ዝም ብለው ሰምተው ሲያበቁ «ዝንጀሮ የሚጠብቀው የልጅ ልጄስ የት አለ?» አሉኝ። እርሱንም ጨመርሁት።